ሠላሳ ስድስተኛዋ ሳህን

ሚስተር ፔቲፈር የሰደበኝ በሺህ ስምንት መቶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በመስከረም የሚውለው የሚካኤል በዓል ባለፈ በሳምንቱ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሳህን በምንተኩስበት እቶን በር ፊት ለፊት ነው። ቀኑን ከነሰዓቱ የምጠቅሰው በስማ በለው የማወራ እንዳይመስላችሁ ነው። ስድቡን የሰሙት ስድስት ሰዎች ነበሩ። አራቱ ሞተዋል፤ አንዷ ዛሬ ጆሮዋ አይሰማም፤ ስድስተኛው የአክስቴ ልጅ ዋትኪን ነው። ዋትኪን ያን ቀን የሳቀ ሰው ስለሆነ ብትጠይቁት «አላስታውስም» ይላችኋል። እኔ አስታውሳለሁ።

ስድቡ ይህ ነው፦ «ይህ ሰው እጅ የለውም፤ ሁለት አካፋ ነው ያንጠለጠለው። ይህን በሬ ከልዑሉ ማዕድ አርቁልኝ።»

የተናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ከካርዲፍ በላይ ባለችው መንደራችን የምንነጋገረው በራሳችን ቋንቋ ስለሆነ፣ ከዋትኪን በቀር እንግሊዝኛ የሚሰማ ያለ አልመሰለውም። እኔ ግን በወጣትነቴ ሦስት ዓመት በቦዩ ጀልባ ወደ ካርዲፍ የድንጋይ ከሰል አመላልሻለሁ። ስድብን በእንግሊዝኛ ለመለየት አስተርጓሚ አልፈልግም። ደግሞም ሰው ወይ በሬ ነው ወይ አካፋ፤ በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም መሆን አይችልም። ዋትኪን ግን ሳቀ።

ይህ የመጀመሪያዬ ነው ብዬ አላታልላችሁም። በዘጠኝ ዓመቴ የጸሎት ቤታችን አስተማሪ «ሮሰር ፊደል ከሚቆጥር በግ ቢቆጥር ይሻለዋል» ብሎ ከወንበር አስነስቶኛል። ስሙንም ወንበሩንም አውቀዋለሁ። ያም ሆኖ ፊደሉን ቆጠርኩ፤ ይኸው እጽፋለሁ። ወደ ነገሬ ልመለስ።

ሚስተር ፔቲፈር የለንደን ሰው ነው። እኛ ነጩን ሳህን እንሠራለን፤ እሱ ይወስደዋል፤ ለንደን ያሉት ሠዓሊዎች አበባ ይስሉበታል፣ ጠርዙን ወርቅ ይቀቡታል፣ ከዚያ ጌቶች ይበሉበታል። ያን ጊዜ የታዘዘው ለልዑሉ ማዕድ ሠላሳ ስድስት የፍራፍሬ ሳህን ነበር። ሠላሳ አምስት አይሆንም። የልዑል እንግዳ ሳህን አጥቶ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ጌታችን፣ የእቶኑ ባለቤት፣ ያለውን ሁሉ በዚህ ትእዛዝ ላይ አፍስሶ ስለነበር፣ ሠላሳ ስድስቱ ካልሞሉ እቶኑ ዳግም እንደማይለኮስ፣ ሃያ ሁለት ሠራተኞችም ወደየቤታችን እንደምንበተን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እኔ ደርዳሪ ነበርኩ። ጥሬውን ሳህን በሸክላ ሣጥን ውስጥ አስተኝቼ፣ ሣጥን በሣጥን ላይ ደርድሬ እቶኑን እስከ ጣሪያው የምሞላው እኔ ነኝ። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። የእኛ ሳህን ግልፍተኛ ናት። እሳቱ ሲበረታባት፣ ከመጠንከሯ በፊት፣ አንዴ እንደ አይብ ትለሰልሳለች። በዚያች ሰዓት መኝታዋ በጣት ውፍረት ከተዛነፈ አለቀላት፤ እንደ ሰካራም ባርኔጣ ተጣማ ትወጣለች። ከአሥሩ ስምንቱ እንደዚያ ናቸው። ሁለቱ ግን ሲተርፉ፣ አንስታችሁ ወደ መስኮት ብታዞሯቸው፣ ከኋላ የያዛችሁበት ጣት ጥላው ከፊት ይታያችኋል። ፀሐይ ከበስተጀርባው ያረፈችበት የሕፃን ጆሮ አይታችሁ ታውቁ የለ? እንደዚያ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አውራ ጣቴ ያልተቃጠለበት ሳምንት የለም። እንደዚያ ያለች ሳህን ከሣጥኗ ሳወጣ ትንፋሼን ያልያዝኩበት ቀን ደግሞ የለም።

እናቴ ጄኔትም እዚያው ነበረች። የእሷ ሥራ ጠርዝ ማለስለስ ነው። ሳህኗ ደርቃ እቶን ከመግባቷ በፊት ዙሪያዋን በእርጥብ ስፖንጅ ታባብላታለች፤ ከዚያ ጠርዙን በታችኛው ከንፈሯ ላይ ታዞረዋለች። ጣት ይዋሻል ትል ነበር፤ ጣትን ሥራ ያደነድነዋል። ከንፈር አይዋሽም። ሻካራ ቦታ ካለ ከንፈሯ ያገኘዋል። ልዑሉ ሹካውን ከማንሳቱ በፊት ሠላሳ ስድስቱንም ሳህን እናቴ ስማቸዋለች ማለት ነው። ይህን ለሚስተር ፔቲፈር የነገረው የለም። ከንፈር ላይ ማዞሩን ግን እሷ ስታደርግ አይቶ ራሱ ለምዶት ነበር፤ ሳህን በተረከበ ቁጥር እንደ አዋቂ ከንፈሩ ላይ ያዞራት ነበር።

እናቴ በዚያ ዓመት ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ያሉትን ሳህኖች አለስልሳ አልጋ ላይ ዋለች። ለሳህኑ ጭቃ የሚፈጨው የነጩ ድንጋይ ብናኝ ደረቷ ውስጥ ገብቷል። ዓይኗም ደክሟል።

እንግዲህ ያን ማክሰኞ እቶኑ ቀዝቅዞ ሲከፈት ሠላሳ አራት ሳህን ነበረን። ሁለት ይጎድለናል። ዋትኪን በእንግሊዝኛ መጻፍ ስለሚችል መዝጋቢ ነበር፤ መዝገቡን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። ሚስተር ፔቲፈር ከጎኑ፣ ጓንቱን እንዳጠለቀ። እኔ ሣጥን እየከፈትኩ አወጣለሁ። ጎባጣ፣ ጎባጣ፣ ጎባጣ፣ ከዚያ አንዲት ደህና።

«ሠላሳ አምስት!» አለ ዋትኪን።

ቀጥላ የወጣችው መልኳ የተዋጣ ነው፤ ግን ፊቷ ላይ፣ ከጠርዙ ዝቅ ብሎ፣ ቁንጫ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለባት። እሳቱ የተፋው ነገር ነው። ሚስተር ፔቲፈር ራሱን ነቀነቀ፤ ዋትኪን ወደ ውድቁ ክምር ገፋት። የመጨረሻው ሣጥን ውስጥ ያለችው ግን ነጭ፣ ንጹሕ፣ እንከን የሌላት ነበረች። ቀስ ብዬ አነሳኋት። «ጢን» አለችና እጄ ላይ ለሁለት ተከፈለች።

እቶኑ ውስጥ የተሰነጠቀች ናት። የሚያብረቀርቀው ቅብ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እጄ የሰበራት ቢሆን ቅቡ እዚያ ምን ያደርጋል? ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት ነው ስድቡ የመጣው። ሚስተር ፔቲፈር ቀጠለና «ከዛሬ ወዲህ የምትደረድረው አንተ ነህ» አለው ዋትኪንን። «ለዚያ ሰውዬ መዶሻ ስጡት፤ ውድቁን ይስበር። ለዚያ አያንስም።»

ውድቅ ሳህን እኛ ዘንድ ለማንም አይሰጥም። ጎባጣ የልዑል ሳህን በገበያ እንዳይታይ በመዶሻ ተሰብሮ ከቦዩ ጀርባ ይጣላል። ክምሩ ፊት ተቀምጬ አንድ በአንድ ሰበርኩ። ነጥብ ያለባት ጋ ስደርስ መዶሻውን አነሳሁ። አየኋት። አየችኝ ልበል? እጄ አልወርድ አለ። ግራ ቀኝ አየሁና ሸሚዜ ውስጥ ከተትኳት።

እቤት ስገባ እናቴ ገና የእንጨት ጫማዬን ድምፅ ሰምታ፣

«ማን ሰደበህ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ይሄ ማንም የሚሉት ሰው የለንደን ካፖርት ለብሷል?»

ጫማዬን አውልቄ ከምድጃው ዳር አስቀመጥኩ።

«ምን አለህ?»

«አካፋ።»

«ሌላስ?»

«በሬ።»

ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ደግፌ አስቀመጥኳት። «አባትህንም የገዛ እናቱ በሬ ትለው ነበር» አለች ትንፋሽ ስታገኝ። «አግብቼዋለሁ። አልተጎዳሁም።»

ሳህኗን አውጥቼ እጇ ላይ አደረግኩላት። ዙሪያዋን ዳበሰች፣ ከዚያ ታችኛው ከንፈሯ ላይ አዞረቻት፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው።

«የእኔ ናት» አለች። «ነሐሴ ውስጥ ነው የሠራኋት። ምን አድርጋ ተባረረች?»

«ነጥብ አለባት። ፊቷ ላይ። ቁንጫ የምታህል።»

«ለአንዲት ቁንጫ! ልዑሉ ራሱ ፊቱ ላይ ምን ምን እንዳለ ማን አየለት?» ብላ ሳህኗን ደረቷ ላይ አስተኛቻት። «ሮሰር፣ ልጄ» አለች፤ ድምፅዋ ተለወጠ። «ስሞት ጨዌን በዚች ላይ አድርግልኝ።»

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ደረቱ ላይ አንድ ሳህን ጨው ይቀመጣል። ሰባኪያችን ሬሳው እንዳይነፋ ነው ይላል፤ አሮጊቶቹ ሰይጣን እንዳይቀርብ ነው ይላሉ፤ ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ ሁልጊዜም ተደርጓል። የሁሉም ሰው ሳህን እንጨት ነው፤ ከቀብር ሲመለሱ ይቃጠላል።

«እማዬ፣ እንዲህ አይባልም።»

«ለምን አይባልም? ስድስት ዓመት ለሰው ማዕድ አለሰለስኩ፤ ለእኔ አንዲት ብትቀር ምናለበት? ከዚያ በኋላ ያንተ ናት። መስኮቱ ላይ አቁማት። ፀሐይ ስትገባ ይዘህ ተመልከታት፤ ጣቴን ታየዋለህ።»

«ጣቱማ የእኔ ነው የሚሆነው።»

«ጣትህን ከማን ያመጣኸው መሰለህ?» አለች።

ቃል ገባሁላት።

አሁን የምጽፈው ልመካበት አይደለም። ሦስት ሳምንት ቆይቶ እቶኑ እንደገና ተሞላ፤ የቀረው ጭቃ ሁሉ ለዚያ አለቀ። የደረደረው ዋትኪን ነው። ብዕር እንጂ ሣጥን ይዞ በማያውቅ እጁ ሲደረድር፣ እኔ መዶሻዬን ይዤ በሩ ጥግ ቆሜ አየሁት። ሦስተኛው ረድፍ ወደ ግራ ያዘነብላል። ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው። «ዋትኪን፣ ሦስተኛውን ቀና አድርገው» ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። አላልኩም። በሬ አይናገርም ብዬ አሰብኩ፤ ይህን በልቤ ስል ጣፈጠኝም።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። የምትስቅልኝ መስሎኝ።

«ነገርከው?» አለች።

«እኔ ምን አገባኝ።»

«አልነገርከውም!» ከትራሷ ቀና አለች። «ፔቲፈር ይከስር ብለህ ነው? ፔቲፈር ለንደን ይገባል፣ ስጋውን ይበላል። ያቺ ጓደኛዬ ሲስሊ የት ትገባለች? ሌሎቹስ የት ይገባሉ? ዋትኪን፣ እዚህ እሳት ዳር ከአንተ ጋር በአንድ ማንኪያ ያሳደግኩት፣ የት ይገባል?»

«እማዬ፣ ሳቀብኝ እኮ።»

«አንተ በሬ» አለችኝ።

ከፔቲፈር ይልቅ ይቺ ቃል ናት ዛሬም የምታቃጥለኝ። ተነስቼ ሮጥኩ። ስደርስ የእቶኑ ጭስ በሰማዩ ላይ ተዘርግቷል፤ ተለኩሷል። የተለኮሰ እቶን አይከፈትም።

እናቴ ሰኞ ጠዋት ሞተች፤ እቶኑ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። አጥባ የገነዘቻት እትዬ ሲስሊ ናት፤ ሳህን ቅብ ውስጥ የምትነክር የእናቴ የዕድሜ ልክ ጓደኛ። ጨዉን ይዛ ስትዞር ነጯን ሳህን አቀበልኳት።

«ይሄ ምንድን ነው? የእንጨት ሳህን የለህም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ይሄ የምን ቅብጠት ነው?»

«የእሷ ቃል ነው።»

ሲስሊ ሳህኗን አገላብጣ አየች። ከየት እንደመጣች አልጠየቀችም፤ አወቀች። «እንጨት ቢሆን ከቀብር ስንመለስ እናቃጥለው ነበር። ይቺን ምን ልናደርጋት ነው? እሷ እሳት አትፈራ፤ ከእሳት ነው የመጣችው።»

«አስቀምጣታለሁ።»

«አስቀምጥ። ብቻ እንዳትበላባት። የሙት ጨው ባረፈበት ሳህን የበላ ሰው የሟቹን ኃጢአት ነው የሚበላው።»

«የእናቴ ኃጢአት ምንድን ነው?»

ሲስሊ ጨዉን በእጇ እንደያዘች ቆማ አሰበች። «ምላሷ» አለች። «ሌላ አላውቅባትም። እሱም ግን ቀላል እንዳይመስልህ።» ከዚያ ጨዉን አፈሰሰች፣ ነጭ በነጭ ላይ፣ አለቀሰችም።

ረቡዕ እቶኑ ተከፈተ። ሦስተኛው ረድፍ አራተኛውን ይዞ፣ አራተኛው አምስተኛውን ይዞ ወድቋል። አንዲትም አልተረፈች።

ሐሙስ ጠዋት፣ ቀብሩ በአምስት ሰዓት ሊሆን፣ ዋትኪን መጣ። ጥቁር ለብሷል። ባርኔጣውን አውልቆ እናቴ ፊት ቆመና አለቀሰ። ለእሷ እንደሚያለቅስ አውቃለሁ፤ እናቱ በሦስት ዓመቱ ሞታበት ያደገው በእናቴ ሾርባ ነው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ጨዉ ሄደ። ከጨዉ ወደ ጠርዙ። ጎንበስ አለ።

«ሮሰር።»

«አቤት።»

«ይቺ ሳህን…»

«የእናቴ ናት።»

«ከጠርዟ ዝቅ ብሎ ነጥብ አላት?»

«ጨው ሸፍኖታል።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «እቶኑን ትናንት ከፈትነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«አንድ! አንድ እንኳ! ጭቃውም አልቋል። ፔቲፈር ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ጀልባ ይሄዳል። ሠላሳ አምስቱን ትቶ ነው የሚሄደው፤ ጎዶሎ አልወስድም ብሏል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ምን አለ መሰለህ? ‹ያቺን ነጥብ ያለባትን እንኳ ባትሰብሯት ኖሮ፣ ሠዓሊው ነጥቧ ላይ ቢራቢሮ ይስልባት ነበር› አለኝ። ያኔ አንገቱን የነቀነቀው እሱ! ተሰብራለች አልኩት።»

«እንግዲህ ተሰብራለች።»

«ሮሰር፣ ይኸው እኮ ናት!»

«እናቴ ደረት ላይ ናት።»

ሲስሊ ከምድጃው ዳር ዞር አለች። «ዋትኪን፣ ልታለቅስ ነው የመጣኸው ወይስ ከአክስትህ ደረት ላይ ሳህን ልትነጥቅ?»

«ሁለቱንም» አለ ዋትኪን። ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። «ሁለቱንም፣ እትዬ። ምን ላድርግ? እርስዎም እኮ ከሃያ ሁለቱ አንዷ ነዎት።»

ሲስሊ ወደ ምድጃው ተመለሰች።

«ያን ቀን ስቄብሃለሁ» አለ ዋትኪን ከባርኔጣው ውስጥ። «አውቃለሁ። ለእሱ ስል ነው የሳቅኩት። ስንጥቁ ውስጥ ቅብ መኖሩንም አይቻለሁ።»

ይህን ቃል ስጠብቀው ነበር። ዋትኪን በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እኔ ቆሜ፣ ሲለምነኝ፤ በልቤ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ መሰላችሁ። ሲመጣ ግን እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ ሆነብኝ፤ ላዩ ላይ ስብ ረግቶበት። ምክንያቱም ሦስተኛው ረድፍ ማዘንበሉን አይቻለሁ። እሱ ስንጥቁን አይቶ ዝም አለ፤ እኔ ረድፉን አይቼ ዝም አልኩ። እሱ ተናገረ። እኔ አልተናገርኩም፤ እስከ ዛሬም አልነገርኩትም። ይህን ካነበበው ይወቀው።

የሬሳ ሣጥኑ የሚዘጋበት ሰዓት ደረሰ። ሳህኗን ያነሳሁት ራሴ ነኝ። ጨዉን በመዳፌ አፍሼ ከእናቴ እጅ ሥር አደረግኩት፤ ሲስሊ እንዲህ አይደረግም ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ከዚያ ሳህኗን ወደ መስኮቱ ወሰድኳት። ዝናብ ነበር፤ ብርሃኑ ደካማ ነው፤ ያም ሆኖ ታየኝ። አውራ ጣቴ። ወፍራም፣ ጠባሳ የበዛበት። በዚያች ነጭ ውስጥ አልፎ ሲታይ ግን አካፋ አይመስልም። ጥፍሩ ሰፋ ብሎ ጫፉ ላይ ጎበጥ የሚለው ልክ የእሷ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሳላየው ኖሬአለሁ።

መስኮቱ ላይ ላቆማት ቃል ገብቻለሁ። አቆምኳትም፤ መዝሙር ተዘምሮ እስኪያልቅ ድረስ። «ሲስሊ የት ትገባለች?» ያለችውም እሷው ናት፤ በዚያው አልጋ ላይ፣ በዚያው ድምፅ። ከሁለቱ ቃሏ የትኛውን ልያዝ? እናቴ ብትኖር ኖሮ የምትለውን አውቀዋለሁ። በመጀመሪያ ትስቃለች። ሳቁ ሳል እስኪሆን ድረስ ትስቃለች። «ጨዌ ልዑል ቤት ሊገባ ነው?» ትላለች።

አንስቼ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኳት። በእጅጌዬ ጠረግኳት እንጂ አላጠብኳትም። ማጠብ አልሆነልኝም።

ተሸክመናት ወደ ኮረብታው ወጣን፤ ዋትኪን በቀኝ፣ እኔ በግራ። ቀበርናት። ሰዉ ሲበተን ዋትኪን አጠገቤ መጥቶ እጁን ዘረጋ።

«ስጠኝ፤ እኔ ላድርስልህ። አንተ ዛሬ ሐዘንተኛ ነህ።»

«አልሰጥህም።»

ፊቱ ጠቆረ።

«እኔው አደርሳታለሁ» አልኩት። «በሁለቱ አካፋ።»

እቶኑ ግቢ ስንደርስ የሚስተር ፔቲፈር ዕቃ ጀልባው ላይ ተጭኗል። ሠላሳ አምስቱ ሳህን በገለባ ተጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ ነው። ጌታችን ጥግ ላይ ቆሟል፤ በአንድ ሳምንት ያረጀ መሰለኝ። ሚስተር ፔቲፈር ወደ እኔ አየ፤ ወደ ዋትኪን ዞረና «ይህ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» አለ።

ሸሚዜን ከፍቼ አወጣኋት። ሁለት እጄ ላይ ይዣት ሄድኩ፤ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ወለሉ ርጥብ ነበር። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ከሠላሳ አምስቱ እህቶቿ አጠገብ አስተኛኋት። ድምፅ እንኳ አላሰማችም።

ሚስተር ፔቲፈር ጓንቱን አወለቀ። አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞራት። ዝናቡ ቆሞ ነበር፤ ፀሐይ ገባችባት። የእሱ ጣት ታየ፣ ቀጭን ጣት። ነጥቧን አየ፤ በጥፍሩ ለካት፤ «ቢራቢሮ» ብሎ ለራሱ አጉተመተመ። ወደ ጉንጩ አስጠጋት። ቀለል አድርጎ በጥፍሩ መታት፤ እንደ ትንሽ ደወል ጮኸች። ያን የመሰለ ፊት እሱ ላይ አይቼ አላውቅም። ስድብ የማያውቅ ሰው ይመስል ነበር።

«ከሁሉም እሷ ትበልጣለች» አለ። «ለምን ደበቃችሁብኝ?»

ከዚያ እንደ ልማዱ አንስቶ ታችኛው ከንፈሩ ላይ አዞራት። ዓይኑን ጨፍኖ። ቀስ ብሎ። እስከ መጨረሻው። ዋትኪን አጠገቤ ትንፋሹን ሲይዝ ሰማሁት።

ሚስተር ፔቲፈር ዓይኑን ከፈተ። ከንፈሩን በምላሱ ዳሰሰ፤ አንዴ፣ ደግሞም አንዴ።

«ጨው ጨው ትላለች» አለ።

ዋትኪን እንደ ሳህኗ ነጭ ሆነ።

ሚስተር ፔቲፈር ወደ እኔ ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፊቴ አየ፤ ወደ እጄ አይደለም። ድምፁም ረጋ ያለ፣ ሰው ሰውን የሚጠይቅበት ነበር። «አንተ ሰው፣ ምን ተቀምጦባት ነበር?» አለኝ።

ዋትኪን ሊተረጉምልኝ አፉን ከፈተ። እኔ ሲስሊ ስለ ሙት ጨው ያለችውን በልቤ ይዤ፣ ቆቤን አደረግኩና በበሩ ወጥቼ፣ በቦዩ ዳር ወደ ቤቴ መንገድ ጀመርኩ።